የሆድን በፊት፦ ውስጣዊ ስሜትን የሚገልጥ የሰው ሥዕል በቢቸናና በሞጣ አካባቢ

የአማርኛ ተናጋሪ ስሜቱን የሚያኖረው በሆዱ፣ የሚያስነብበው በፊቱ ነው። የተከፋ ሰው «ሆዱ ባሰው» ይባላል፤ የራራው «ሆዱ ባባ» ይባላል፤ ምሥጢር ጠባቂው ደግሞ «የሆዱን በሆዱ» የያዘ ነው። ይኸው ስሜት ወደ ውጭ ሲወጣ ፊት ይጠቁራል ወይም ይፈካል፤ ግንባር ይቋጠራል፤ ዐይን ይሰበራል፤ አንገት ይደፋል። «የሆድ ብልሃት የጋን መብራት» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በውስጥ ታምቆ የቀረ ነገር ለማንም እንደማያበራ ያስተምራል። የሰውን ምስል የሚሥል ባለሙያ ተግባርም በጋኑ ውስጥ ያለውን መብራት ጋኑን ሳይሰብር ማሳየት ነው።

ይህ ጽሑፍ በምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ በተለይም በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ሥር የሰደደው የሥዕል ትውፊት የሰውን ውስጣዊ ሐሳብና ስሜት በምን በምን መንገድ እንደሚገልጥ ያስረዳል። ትውፊቱ ወደ ዘመናዊው ሥነ ጥበብ ያደረገውን ጉዞና ዛሬ የሚያስፈልገውን ጥበቃም ያመለክታል።

አካባቢውና ትምህርቱ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚያመራው መንገድ በጎጃም ስመ ጥር የሆኑ አድባራትንና ገዳማትን ያዋስናል። በቢቸና አቅራቢያ የሚገኘው የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ለዘመናት የቅኔና የመጻሕፍት ትምህርት ማዕከል ሆኖ ኖሯል። ደራሲው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች መካከል ደብረ ወርቅና ዲማ ይገኙበታል። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው አንድን ቃል በሰሙም በወርቁም መርምሮ መፍታት ይማራል። ላይ ላዩን ከሚታየው ነገር ሥር ሌላ ነገር እንዳለ መጠርጠር ለዚህ አካባቢ ሰው የትምህርት መጀመሪያ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ከዚሁ ትምህርት የሚወጣ ነው። ሥዕሉን ከማወቁ በፊት ዳዊት ደግሟል፤ ገድልና ተአምር ሲነበብ ሰምቷል። ስለዚህ የሚሥለው ሰው ለእርሱ እንግዳ አይደለም። ሕይወቱን፣ መከራውንና አሟሟቱን አስቀድሞ ያውቀዋል።

መልክእ፦ በቃል የተሣለ ምስል

የውስጥን ነገር በምስል የመግለጥ አሳብ በአገራችን ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ለመረዳት «መልክእ» የተባለውን የግእዝ ድርሰት ዓይነት መመልከት ይጠቅማል። መልክእ ለአንድ ቅዱስ ወይም ለአንዲት ቅድስት የሚቀርብ፣ የአካል ክፍሎችን በየተራ እየጠራ ሰላምታ የሚሰጥ ድርሰት ነው። አንዱ አርኬ ብዙውን ጊዜ አምስት ስንኝ አለው። መልክአ ማርያምና መልክአ ኢየሱስ ዲያቆናት በልጅነታቸው በቃል ከሚያጠኗቸው መካከል ናቸው።

ደራሲው ከራስ ጠጉር ይጀምራል። ቅንድብን፣ ዐይንን፣ ጆሮን፣ ከንፈርን፣ እጅንና እግርን እያወደሰ ይወርዳል። በመካከሉ ግን ዐይን ወደማያየው ነገር ይገባል። ለልብ፣ ለኅሊና፣ ለኩላሊትና ለአንጀት ሰላምታ ያቀርባል። የአንድ ሰው መልክ ሲሣል ቆዳው የመጨረሻ ድንበር እንዳልሆነ፣ ኅሊናም የመልኩ አካል እንደሆነ ድርሰቱ ያሳውቃል።

ብእር የያዘው ደራሲ «ልብ» ብሎ መጻፍ ይችላል። ብሩሽ የያዘው ሠዓሊ ግን ልብንና ኅሊናን በቀጥታ መሣል አይችልም። በመሆኑም የውስጡን ነገር በውጭ አካል ላይ የሚያሰፍርበት መንገድ መፈለግ ነበረበት። በአገራችን የሥዕል ትውፊት ይህ መንገድ በዋናነት በዐይን፣ በእጅ፣ በአካል አኳኋንና በአለባበስ ላይ ተመሥርቷል።

ሁለት ዐይንና አንድ ዐይን

በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በሰፊው የሚታወቀው ሥርዓት የዐይን ሥርዓት ነው። ቅዱሳን፣ ጻድቃንና መላእክት ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ተመልሶ፣ ሁለቱም ዐይኖቻቸው እየታዩ ይሣላሉ። ሰይጣናት፣ ከሓድያንና ሰማዕታትን የሚያሠቃዩ ወታደሮች በአንጻሩ ፊታቸው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዐይን ብቻ ይታይባቸዋል። በጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ላይ ይሁዳን ከሌሎች ሐዋርያት ለመለየት ጽሑፍ ማንበብ አያሻም፤ ዐይኑን መቁጠር ይበቃል።

ይህ ሥርዓት ሰውየው ከማን ወገን እንደሆነ ይነግራል። በዚያች ሰዓት ምን እንደሚሰማው ግን ብቻውን አይናገርም። የሚገረፈው ሰማዕትም፣ የሚያበሥረው መልአክም፣ የምታለቅሰው እናትም ሁሉም ባለ ሁለት ዐይን ናቸው። ስለዚህ ጎበዝ ሠዓሊ ከሥርዓቱ በኋላ የሚጨምራቸው ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የብሌን አቀማመጥ ነው። በትልቁ ነጭ ዐይን ውስጥ ጥቁሩ ብሌን ወደ ላይ ሲያርግ ልመናን፣ ወደ ታች ሲያዘነብል ሐዘንን ወይም ትሕትናን፣ ወደ ጠርዝ ሲሸሽ ሥጋትን ያሳያል። ልዩነቱ የአንዲት መስመር ውፍረት ቢሆን ነው።

ሁለተኛው እጅ ነው። በስቅለት ሥዕል ከመስቀሉ ግራና ቀኝ የሚቆሙት እመቤታችንና ዮሐንስ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አሳርፈው መታየታቸው የተለመደ ነው። ማንኛውም የአካባቢው ሰው ይህን ምልክት ከለቅሶ ቤት ያውቀዋል።

ሦስተኛው የአካል አኳኋን ሲሆን፣ መንበርከክ፣ መደፋት፣ ማጎንበስና ቀጥ ብሎ መቆም እያንዳንዱ የየራሱ ትርጉም አለው። አራተኛው አለባበስ ነው። ሰው ለክብር ኩታውን ያደገድጋል፤ በሐዘን ጊዜ የነጠላው ጥለት ወደ ላይ ተመልሶ አንገትንና ፊትን ይከባል። ከነጠላ አጣጣል የሰውን ሆድ ማወቅ በጎጃም ገጠር ዛሬም የዕለት ተዕለት ነገር ነው።

ከሞጣ ጊዮርጊስ እስከ ናርጋ ሥላሴ

የሞጣ ጊዮርጊስ ደብር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተተከለው በወይዘሮ ወለተ እስራኤል ነው። ወለተ እስራኤል የእቴጌ ምንትዋብ ልጅና የጎጃሙ ገዥ የራስ ኃይሉ እናት ነበሩ። በእናታቸው ዘመን የጎንደር ቤተ መንግሥት ለሥዕል ከፍተኛ ድጋፍ ያደርግ ስለነበር፣ ሊቃውንት «ሁለተኛው የጎንደር ዘይቤ» የሚሉት አሣሣል ያበበው በዚያው ጊዜ ነው። በዚህ ዘይቤ ፊት በጥላና በብርሃን ተለስልሶ ይሣላል፤ ጉንጭና አንገት ክብነት ያገኛሉ፤ የልብስ ጌጥ በጥንቃቄ ይዘረዘራል።

የዘመኑን አሣሣል በግልጽ ከሚያሳዩ ሥራዎች አንዱ በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት ላይ በሚገኘው በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ያለው የእቴጌ ምንትዋብ ምስል ነው። እቴጌይቱ በ1730 (እ.ኤ.አ.) ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር አገር ያስተዳደሩ ናቸው። በሥዕሉ ላይ ግን እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በተቀመጠችበት፣ ከእግሯ ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ልብሳቸው የንግሥት፣ አኳኋናቸው የለማኝ ነው። ሠዓሊው ሁለቱን በአንድ አካል ላይ በማገናኘቱ ተመልካቹ ሥልጣንን ብቻ አያይም፤ ባለ ሥልጣኗ በውስጧ ምን እንደምትለምን ጭምር ያስባል።

በዚያው ዘመን በነገሥታቱ ዘንድ እጅግ የተከበረ ሌላ ምስል ነበር። «ኵርዐተ ርእሱ» የተባለው ይህ ሥዕል ክርስቶስን የእሾህ አክሊል ደፍቶ፣ ዐይኖቹ ዝቅ ብለው የሚያሳይ ነው። ከአውሮፓ የመጣ ቢሆንም በኢትዮጵያ ሠዓልያን እጅ ደጋግሞ ተቀድቶ የአገሩ ሥዕል ሆኗል። ነገሥታት ይምሉበት፣ ወደ ጦር ሜዳም ይዘውት ይወጡ ነበር። በ1744 (እ.ኤ.አ.) ከስናር ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርኮ በቤዛ ተመልሷል። በ1868 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በመቅደላ ጊዜ ከአገር ወጥቶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። በቅጂዎቹ ላይ ከቁስሉ ይልቅ ተመልካቹን የሚይዘው ዝቅ ያለው ዐይን ነው። ሥቃይን ያለ ጩኸት፣ በዝምታ ማሳየት እንደሚቻል ለብዙ ሠዓልያን ትውልድ ያስተማረ ምስል ነው።

የቢቸናው ቄስ ሠዓሊ

ይህን ትውፊት ወደ ዘመናችን ካሻገሩት መካከል ቄስ አዳሙ ተስፋው ይጠቀሳሉ። ቄስ አዳሙ የቢቸና አካባቢ ተወላጅ ሲሆኑ፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው ቅስና ተቀብለዋል። ኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥተው በሥዕል ሙያ ኖረዋል። በጨርቅ ላይ የሠሯቸው ሥዕሎች የመጽሐፍ ቅዱስና የቅዱሳን ታሪኮችን፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ፣ የዐድዋን ጦርነትና የአገር ቤትን የዕለት ኑሮ ያካትታሉ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፋውለር ሙዚየም ሕይወታቸውንና ሥራቸውን ብቻ የሚመለከት ዐውደ ርእይ ቀርቦ ከመጽሐፍ ጋር ለሕዝብ ታይቷል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ እንዲህ ያለ ራሱን የቻለ ዐውደ ርእይ መዘጋጀቱ ከስንት አንድ የሚያጋጥም ነው።

የቄስ አዳሙ ሥራ ለዚህ ጽሑፍ ዋና ምሳሌ የሚሆነው በአንድ ምክንያት ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ሰፊ ዐይንና ጥቁር የመስመር አጣጣል ሳይለቁ ሰዎቻቸውን ስሜት ያላቸው ግለሰቦች አድርገዋቸዋል። መስመራቸው ቀልጣፋና የማያመነታ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ሰልፍ የሚሠራው ሕዝብ በተመሳሳይ ፊት ይደረደራል። በቄስ አዳሙ እጅ ግን ዐይን ከዐይን ጋር ይነጋገራል፤ አንዱ ወደ ሌላው ያያል፤ እጆች ይጠይቃሉ፣ ይመልሳሉ፣ ይከለክላሉ። ሠዓሊው አዲስ ቋንቋ ሳይፈጥሩ በወረሱት ቋንቋ የራሳቸውን ነገር ተናገሩ።

ዘመናዊው የሰው ሥዕል

በከተማ ደግሞ ሌላ መንገድ ተከፈተ። በፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርት የተከታተሉት አገኘሁ እንግዳ የራሳቸውን ምስል በመሣል፣ ሠዓሊው ራሱን የሚመረምርበትን የአሣሣል ዓይነት በአገራችን ካስተዋወቁት ቀዳሚዎች አንዱ ሆኑ። በአውሮፓ በዚህ መንገድ ስሙ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው የኔዘርላንዱ ሬምብራንት ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ በ1669 (እ.ኤ.አ.) እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ ወደ 80 የሚጠጉ የራሱን ምስሎች ሠርቷል። ተራ በተራ ለሚመለከታቸው ሰው የአንድን ሰው ተስፋ፣ ኩራት፣ ኪሳራና እርጅና ያለ ቃል ይተርካሉ።

በአሜሪካ ቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከመሠረቱ ወዲህ የሰውን አካልና ፊት ከሕይወት እያዩ መሣል መደበኛ ትምህርት ሆነ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ትምህርት ቤት በስማቸው ይጠራል። ከተመራቂዎቹ መካከል እሸቱ ጥሩነህ የ1966ቱን የረሃብ ሰለባዎች የሣሉበት ሥራ የብዙ ሰዎችን ሥቃይ በፊትና በአካል ላይ በማንበብ ረገድ በታሪካችን ጉልህ ስፍራ ይዟል።

ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩት በመነሻቸው ነው። ዘመናዊው ሠዓሊ ከፊቱ ከተቀመጠው ሰው ተነሥቶ ወደ ውስጡ ይገባል። የቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ አስቀድሞ ከሚያውቀው የውስጥ ታሪክ ተነሥቶ ወደ ፊቱ ይወጣል። ሁለቱም የሚገናኙት ዐይንና እጅ ላይ ነው።

ለወጣት ሠዓልያን

በቢቸና፣ በሞጣም ሆነ በሌላ ስፍራ የሰው ምስል መሣል ለሚጀምሩ ወጣቶች ከዚህ ትውፊት የሚገኙት ትምህርቶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ። በአካባቢው ባህል ሆድን መሰወር የጨዋነት ምልክት ነው። በገበያ ቀን የተቀመጡ አንዲት እናት ሳያውቁ ቢሣሉ ነገሩን እንደ ድፍረት ይቆጥሩታል። «እማማ፣ ቢፈቅዱልኝ ልሣልዎት» ማለት ሥርዓት ከመሆኑ በላይ ለሥዕሉም ይጠቅማል፤ የተከበረ ሰው ፊቱን አይዘጋምና።

ሁለተኛ፣ መታገሥ። ሰው እርሳስ ሲያይ ለፎቶግራፍ እንደቆመ ይገተራል፤ የዚያን ጊዜ የሚታየው ፊት ለእንግዳ የሚሰጥ ፊት ነው። ስለ ጤፉ፣ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ልጆቻቸው ጨዋታ ሲጀመር ግን ትከሻ ይረግባል፤ እጅ ወደ ልማዱ ይመለሳል። መሣል የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፣ ፊትን ብቻ አለመመልከት። ፊቱን መቆጣጠር የሚችል ሰው እጁን ይረሳል። ከእጅና ከነጠላ አጣጣል መጀመር ወደ ፊት የሚያደርስ አስተማማኝ መንገድ ነው።

አራተኛ፣ ልክን ማወቅ። እንባን መሣል ቀላል ነው፤ እንባን የያዘ ዐይን መሣል ግን ብርቱ ነው። ከልክ በላይ የተጋነነ ፊት ሐዘንን ወደ ማስመሰል ይለውጠዋል።

ፊቱ ሲጠፋ

በአብያተ ክርስቲያናት ያሉ ጥንታውያን ሥዕሎች አብዛኛውን ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። የጣራ ፍሳሽ ጨርቁን ከግድግዳው ያላቅቀዋል፤ የጧፍና የዕጣን ጢስ ያጠቁረዋል፤ ምእመናን በፍቅር ሲዳስሱትና ሲሳለሙት ቀለሙ ይነሣል። ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በበጎ ፈቃድ ነው። የደበዘዘው ሥዕል «ይታደስ» ተብሎ በፋብሪካ ቀለም ላዩ ይቀባል። ልብሱና ጀርባው ምናልባት ይመስል ይሆናል። የብሌኑ አቀማመጥ፣ የቅንድቡ ስባሪ፣ የከንፈሩ ጥግ ግን በአንዲት ጠብታ ቀለም ይለወጣል። ቅዱሱ በቦታው ይቀራል፤ ሐዘኑ ግን ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያ ሠዓሊ ያንን ሰው እንዴት እንደተረዳው የሚመሰክር ነገር አይገኝም።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በእጁ ቅርስ ያለ ማንኛውም ሰው ቅርሱን በአግባቡ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት፣ የጥገናና የእድሳት ሥራም አስቀድሞ በባለሥልጣኑ ፈቃድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ ኃላፊነት ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። በዚህም መሠረት የአብያተ ክርስቲያናት አስተዳዳሪዎች፣ ካህናትና ምእመናን የሚከተሉትን እንዲያደርጉ ይመከራል።

• ከሥዕሉ በፊት ጣራውን መጠገን፤ ፍሳሽ ሳይቆም የሚደረግ ጥገና ዋጋ የለውም።
• ሥዕሉን በውኃ፣ በሳሙና ወይም በዘይት አለማጠብና አለመወልወል።
• በሥዕሉ ላይ ምስማር አለመምታት፤ ጧፍና ጥና ከሥዕሉ ማራቅ።
• ሥዕሉን በመጋረጃ የመሸፈን ነባር ሥርዓት ከብርሃንና ከአቧራ ስለሚከላከል ማስቀጠል።
• እያንዳንዱን ሥዕል፣ በተለይም ፊቶችን፣ በቅርበት ፎቶግራፍ አንሥቶ ከቀኑ ጋር መዝግቦ ማኖር።
• የደበዘዘ ወይም የተላቀቀ ሥዕል ሲገኝ ቀለም ከመቀባት በፊት ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ።
• ስለ ሥዕሉ የሚያውቁ አረጋውያንና መምህራን በሕይወት ሳሉ ትርጓሜውን ከአንደበታቸው መቅዳት።

የመጨረሻው ምክር ከሌሎቹ ያላነሰ ክብደት አለው። ግድግዳው ላይ ያለው ዐይን ቢተርፍ እንኳ የሚያነበው ሰው ከጠፋ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። እጅ በጉንጭ ላይ ማረፉ፣ ጥለት ወደ ላይ መመለሱ፣ ብሌን ወደ ታች ማዘንበሉ ምን ማለት እንደሆነ ዛሬ በቢቸናና በሞጣ የሚያውቁ አሉ። ልጆቻቸው ከእነርሱ ጋር ወደ ቅድስቱ ሲገቡ በሥዕሉ ፊት ጥቂት ቆመው «ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ ከሠዓሊው ዘመን ጀምሮ ሲወርድ የመጣው ትምህርት በዚያች ጥያቄ ይቀጥላል።